ደመወዝ እየበሉ ድርጅት ማስመዝገብ፦ ሕጋዊ አደጋው የት የት ነው?

«ተቀጥሬ እየሠራሁ በስሜ ድርጅት ባስመዘግብ ያስጠይቀኛል?» ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ፣ ለግል መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ፣ ምዝገባው ብቻውን ብዙ ጊዜ አያስጠይቅም የሚል ነው። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ስም፣ አድራሻ፣ ካፒታልና የሥራ ዘርፍ አይቶ ይመዘግባል፤ የቅጥር ውልዎን አምጡ አይልም። ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። መዝጋቢው ዝም ካለ አሠሪውም ዝም የሚል ይመስለዋል። አሠሪው ግን የተፈራረማችሁትን ውል በመሳቢያው ይዟል፤ መዝጋቢው ውሉን አያውቀውም፣ ሊያውቀውም አይገደድም።

ምዝገባው ዋናው ሥራው ቀን መቁረጥ ነው። ከዚያ ቀን በፊት «ገና ሐሳብ ነበር» ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ አይቻልም። በብዙ አገሮች የንግድ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የባለቤቱን ስም፣ የሥራ ዘርፉንና የተመዘገበበትን ቀን ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። ክርክር ከተነሳ የአሠሪው ጠበቃ መጀመሪያ የሚያትመው ያንን ገጽ ነው። ቀጥሎ የላኩትን ኢሜይል፣ የወሰዱትን የሕመም ፈቃድ፣ ያወረዱትን ፋይልና ያናገሩትን ደንበኛ ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህና ወዲያ ይደረድረዋል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በሙሉ የሚዞረው በዚያች ቀን ዙሪያ ምን መኖር፣ ምን አለመኖር እንዳለበት ላይ ነው።

ውሉን እንዴት ማንበብ ይገባል

ሲቀጠሩ የፈረሙትን ወረቀት ከነአባሪው ያውጡ። አባሪ ስንል የሥነ ምግባር ደንቡን፣ የመረጃ አጠቃቀም መመሪያውንና የሠራተኞች መመሪያ መጽሐፉን ማለታችን ነው። ብዙ ጊዜ ውሉ ሁለት ገጽ ብቻ ሆኖ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ «የድርጅቱ መመሪያዎች የዚህ ውል አካል ናቸው» ይላል፤ እውነተኛው ክልከላ ያለው እዚያ መመሪያ ውስጥ ነው። «እሱን አልፈረምኩም» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ብዙም አይራመድም።

በመጀመሪያ የሚፈለገው ተጨማሪ ሥራን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። ውሉ «ያሳውቃል» ይላል ወይስ «ያስፈቅዳል»? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማሳወቅ ሲባል ኢሜይል ልከው የደረሰበትን ማረጋገጫ መያዝ ይበቃል። ማስፈቀድ ሲባል ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ የምዝገባ ቅጹን አለመሙላት ነው፤ አሠሪው ዝም ማለቱ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። «ሙሉ ጊዜውንና ጉልበቱን ለድርጅቱ ብቻ ያውላል» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ፈቃድ የሚል ቃል ባይጠቀስም እንደ ማስፈቀድ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

ከዚያ «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» የምትለዋን ሐረግ ይፈልጉ። ትንሽ ናት፣ ግን ሰፊ መረብ ናት። በትዳር ጓደኛ ስም የተከፈተውን ሱቅ፣ በወንድም ስም የተያዘውን አክሲዮን፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የማማከር አገልግሎት ሁሉ ታጠምዳለች። አንዳንድ ውሎች በአክሲዮን ገበያ ላይ በሚሸጡ ድርጅቶች ትንሽ ድርሻ መያዝን ለይተው ይፈቅዳሉ፤ ይህ ዓይነቱ ነጻ መውጫ ካለ ጫፉ ስንት በመቶ እንደሆነ ይዩ።

ውሉ ምንም ባይልስ? ዝምታው ነጻነት አይደለም፤ ክፍተቱን ሕጉ ይሞላዋል። በጀርመን የንግድ ሕግ አንቀጽ 60 መሠረት የንግድ ድርጅት ተቀጣሪ ያለ አሠሪው ፈቃድ የራሱን ንግድ ሊያንቀሳቅስም ሆነ በአሠሪው የሥራ ዘርፍ ለራሱ ግብይት ሊፈጽም አይችልም። የዚያው አንቀጽ ሁለተኛ ክፍል ግን ለተቀጣሪው የሚጠቅም ነገር አለው፦ አሠሪው ሲቀጥርዎ ንግድ እንዳለዎት እያወቀ ይዘጋ ብሎ በግልጽ ካልተስማማ፣ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ከመቀጠር በፊት የነበረን ድርጅት በቅጥር ማመልከቻ ላይ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 2863 ደግሞ ከአሠሪው ሥራ ጋር የሚመሳሰል የግል ንግድ ያለው ሠራተኛ ሁልጊዜ ለአሠሪው ንግድ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል። ካሊፎርኒያ በዓለም ላይ ለሠራተኛ የመወዳደር ነጻነት የምታደላ ግዛት ስለሆነች፣ ይህ ድንጋጌ እዚያ መገኘቱ ልብ ይባል።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1152 አሠሪዎች ሠራተኛን ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ለሌላ አሠሪ እንዳይሠራ በደፈናው እንዳይከለክሉ ያደርጋል። ነገር ግን ጤናና ደኅንነት፣ የንግድ ምስጢር፣ የመንግሥት አገልግሎት ተዓማኒነትና የጥቅም ግጭት ሲኖር መገደብ እንደሚቻል ያው ድንጋጌ ይናገራል። ንግድ ባቋቋመ ሰው ላይ የሚመዘዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጥቅም ግጭቱ ነው።

«በራሴ ሰዓት ነው የሠራሁት»

ይህ መከላከያ የሚታሰበውን ያህል አይዘልቅም። እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ የተፈረደው የሃይቫክ ጉዳይ ዛሬም ይጠቀሳል። ለመስሚያ መሣሪያ የሚሆኑ ጥቃቅን ቫልቮች የሚያመርት ድርጅት ባለሙያ ሠራተኞች እሑድ እሑድ ለተፎካካሪ ድርጅት ያንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። እሑድ የሥራ ቀናቸው አልነበረም፤ ምስጢር አውጥተዋል የሚል ማረጋገጫም አልቀረበም። ፍርድ ቤቱ ግን በትርፍ ሰዓት ቢሆንም እንኳ አሠሪን በቀጥታ የሚጎዳ ሥራ የታማኝነት ግዴታን ይጥሳል ብሎ እግድ ሰጠ።

ስለዚህ ሰዓቱን ከመቁጠር በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ድርጅቱ አሠሪው ከሚሸጠው ጋር የሚወዳደር ነገር ይሸጣል ወይ የሚለው ነው። የማይወዳደር ከሆነ፣ ለምሳሌ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ሰው የእንጨት መጫወቻ ቢያመርት፣ አደጋው ወደ ሰዓት፣ ወደ ዕቃና ወደ ድካም ይወርዳል። የሚወዳደር ከሆነ ግን ሌሊት ቢሠሩም፣ በገዛ ኮምፒውተርዎ ቢሠሩም ችግሩ እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው በገዛ እጁ የሚያጠምደው ወጥመድ አለ። ቅጹ ላይ የሥራ ዘርፍ ሲሞላ «ወደፊት ሊጠቅመኝ ይችላል» ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይመርጣል፦ ማማከር፣ ሶፍትዌር፣ አስመጪነት፣ ሥልጠና፣ ጠቅላላ ንግድ። ከተመረጡት አንዱ የአሠሪው ዘርፍ ከሆነ፣ አንድ ዕቃ ሳይሸጡ በወረቀት ላይ ተፎካካሪ ሆነዋል። ዘርፉን አሁን በሚሠሩት ልክ አጥብበው ይሙሉ። በኋላ መጨመር ይቻላል፤ በኋላ ቢቀንሱት ግን መጀመሪያ የተሞላው መዝገብ ላይ ይቀራል።

ዝግጅት የሚያበቃው የት ነው?

ብዙ የሕግ ሥርዓቶች ለመልቀቅ የሚያስብ ሠራተኛ ለነገው እንዲዘጋጅ ይፈቅዳሉ። ስም መምረጥ፣ ማስመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ቢሮ መከራየት፣ ዕቃ መግዛት፣ የንግድ ዕቅድ መጻፍ፣ ከባንክ ብድር መጠየቅ በአብዛኛው ዝግጅት ነው። የአሠሪውን ደንበኛ «በሚቀጥለው ወር ራሴን ችዬ እጀምራለሁ፣ አብረኸኝ ሁን» ማለት ዝግጅት አይደለም። ባልደረባን ማስኮብለል፣ ትእዛዝ መቀበል፣ ዋጋ መስጠት፣ በአሠሪው ጨረታ ላይ በራስ ድርጅት መወዳደር እንዲሁ ዝግጅት አይደለም።

በመካከል ያለው ግን አሳሳች ነው። ድረ ገጽ ተሠርቶ ካልተለቀቀ ዝግጅት ነው፤ ከነዋጋ ዝርዝሩ ከተለቀቀ ወደ ገበያ መግባት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ «መሥራችና ሥራ አስኪያጅ» ብሎ መጻፍ አሥር የአሠሪው ደንበኞች የሚያዩት ማስታወቂያ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያዘው በመዝገቡ ሳይሆን በዚህ ነው። ከባልደረባ ጋር ሽርክና መግባትም አደገኛ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሲዘጋጁ አንዳቸው ሌላውን «አስኮብልሏል» ለማለት በር ይከፍታል፣ በተለይ አንዱ የሌላው አለቃ ከሆነ።

የኃላፊነት ደረጃም ሚዛኑን ይለውጠዋል። ተራ ሠራተኛ ሲዘጋጅ ዝም ማለት ይችል ይሆናል። የቦርድ አባል ወይም ዋና ሥራ አስኪያጅ ግን ከሠራተኛ የከበደ ግዴታ አለበት፤ የድርጅቱን ዕድል ለራሱ መውሰድ፣ ሊወዳደር ማሰቡን እየደበቀ በስብሰባ ላይ ስትራቴጂ መስማት ራሱን የቻለ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛም እንደዚሁ፦ ብዙ አገሮች ተጨማሪ ሥራን በፈቃድ ብቻ ያደርጉታል፣ ንብረትና ጥቅም ማስመዝገብንም ያስገድዳሉ። በአሜሪካ የፌዴራል የወንጀል ሕግ አርእስት 18 አንቀጽ 208 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ እሱ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም አካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ የገንዘብ ጥቅም ባላቸው ጉዳይ ላይ በሥራው ከተሳተፈ ወንጀል ነው። ነገሩ ከስንብት አልፎ እስከ እስራት ይደርሳል።

የሠሩት ነገር የማን ነው?

ከሥራ መባረር ያበቃል፤ ሌላ ሥራ ይገኛል። የድርጅትዎ ዋና ሀብት የአሠሪው ሆኖ መገኘት ግን አያበቃም፤ ከዓመታት በኋላ፣ ባለሀብት ሊገዛዎ ሲል ይወጣል። ስለዚህ የአእምሯዊ ንብረቱን አንቀጽ ከሁሉ በላይ ቀስ ብለው ያንብቡ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የአሻንጉሊት አምራቹ ማቴል ዲዛይነር የነበረው ካርተር ብራያንት ገና ሥራውን ሳይለቅ የብራትዝ አሻንጉሊቶችን ሐሳብና ንድፍ ኤምጂኤ ለሚባለው ተፎካካሪ አቀረበ። አሻንጉሊቶቹ በ2001 ገበያ ገብተው ተወደዱ። ማቴል በ2004 ከሰሰ። በ2008 የዳኞች ጉባኤ ለማቴል 100 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ፤ በ2010 ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ በ2011 ሁለተኛው የዳኞች ጉባኤ ለኤምጂኤ ፈረደ። የክርክሩ እምብርት ሁለት ሐረግ ነበር። ውሉ «ፈጠራዎችን» ለማቴል ይሰጣል፣ ግን በዝርዝሩ ውስጥ «ሐሳብ» የሚል ቃል የለም። ደግሞም «በቅጥር ዘመኔ በማናቸውም ጊዜ» ይላል፤ ሌሊትንና ቅዳሜ እሑድን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ይግባኝ ሰሚው ይህ ከውሉ ጽሑፍ ብቻ የሚታወቅ አይደለም አለ። የእርስዎ ውል ላይ «ሐሳብ» የሚለው ቃል መኖር አለመኖሩን፣ ጊዜውም «በሥራ ሰዓት» ወይስ «በማናቸውም ጊዜ» እንደሆነ በእርሳስ ያስምሩበት።

አንዳንድ ሕጎች ውሉ የፈለገውን ቢል ጣሪያ ያበጁለታል። በካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 2870 ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ በራሱ ጊዜ፣ ያለ አሠሪው ዕቃ፣ አቅርቦት፣ ሥፍራና የንግድ ምስጢር የሠራው ፈጠራ የራሱ ነው። ሁለት በስተቀሮች ግን አሉ፦ ፈጠራው በተፀነሰበት ወይም በተግባር በዋለበት ጊዜ ከአሠሪው ንግድ ወይም አሠሪው ከያዘው ምርምር ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ለአሠሪው ከሠራው ሥራ የመነጨ ከሆነ። ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ይሄዳሉ፤ ክሱ የሚመጣው በሁለተኛው ነው።

በኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ጉዳዩን በሦስት ይከፍለዋል። ሠራተኛው በቅጥር ግዴታው የሠራው ፈጠራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ከቅጥሩ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው፣ የአሠሪውንም ሀብት ሳይነካ የሠራው የሠራተኛው ነው። በራሱ አስተዋጽኦና በአሠሪው ሀብት፣ መረጃ ወይም መሣሪያ የተሠራው ደግሞ የሁለቱም በእኩል ድርሻ ነው። ይህ ሦስተኛው ነው ሰውን የሚያስደነግጠው፤ ምሳ ሰዓት ላይ በቢሮ ኮምፒውተር የተነካካ ንድፍ ግማሹን ሊያስወስድ የሚችል ክርክር ይከፍታል። ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ወደ ቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመልከቱ፤ በቅጥር ግዴታ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ አሠሪው ነው ይላል።

በተግባር ምን ማለት ነው? የተለየ ኮምፒውተር፣ የተለየ ኢሜይል፣ የተለየ የኢንተርኔት መስመር። የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ላይ የግል አካውንትዎን ከፍተው ከነበረ ፋይሎች ሳያውቁት ይመሳሰላሉ፤ ይዝጉት። ኮድ የሚጽፉ ከሆነ እያንዳንዱ ለውጥ ቀንና ሰዓት እንደሚሸከም አይርሱ፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡40 የተቀመጠ ለውጥ «በትርፍ ሰዓቴ» የሚለውን ቃል ውድቅ ያደርጋል። የምዝገባ ክፍያው ደረሰኝም ሰዓት አለው። ቅጹን በምሽት፣ ከቤት፣ በራስዎ ስልክ ይሙሉ፤ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻና ስልክ ቁጥር አያስገቡ።

የደንበኛ ዝርዝርና ፋይል

እ.ኤ.አ. በ1895 በእንግሊዝ የተፈረደው የሮብና የግሪን ጉዳይ ይህን ነገር ከኮምፒውተር በፊት አስተካክሎ አሳይቷል። ሕያው የዱር ወፎችና የወፍ እንቁላል የሚሸጥ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከትእዛዝ መዝገቡ የደንበኞችን ስምና አድራሻ በድብቅ ገልብጦ፣ ከለቀቀ በኋላ ተመሳሳይ ንግድ ከፈተ። ብዙዎቹን ስሞች ከሕዝብ ማውጫ ማግኘት ይችል ነበር ተብሎ ቢቀርብ እንኳ አላዳነውም፤ ጥፋቱ በታመነበት ቦታ ሆኖ መገልበጡ ነው። በጭንቅላት የቀረ የደንበኛ ስምና ተገልብጦ የወጣ ዝርዝር በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዘመናችን ደግሞ የአንቶኒ ሌቫንዶውስኪ ታሪክ አለ። የጉግል አሽከርካሪ አልባ መኪና ፕሮጀክት መሐንዲስ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ለቆ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ ድርጅቱን ኡበር ገዛው። የጉግሉ ፕሮጀክት ራሱን ችሎ የወጣበት ድርጅት፣ ዌይሞ፣ ኡበርን የከሰሰው ሰውየው ከመልቀቁ በፊት ወደ 14,000 ፋይሎች አውርዷል ብሎ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ክስ በ2018 በዕርቅ ሲያልቅ ኡበር በወቅቱ ወደ 245 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ አክሲዮን ሰጠ። ሰውየው ራሱ በአንድ የንግድ ምስጢር መስረቅ ክስ ጥፋተኝነቱን አምኖ በ2020 የ18 ወር እስራት ተፈረደበት፤ እስራቱን ሳይጀምር በ2021 ፕሬዚዳንታዊ ምሕረት አገኘ። ድርጅት ማቋቋሙን ማንም ወንጀል አላለውም፤ ያስፈረደበት ፋይሉ ነው።

በሌላ ሰው ስም ማስመዝገብ

«በባለቤቴ ስም አደርገዋለሁ» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ እኛ አንመክረውም። አንደኛ፣ «በተዘዋዋሪ» የሚለው ቃል ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ ብዙ አገሮች አሁን ከስም ባለቤቱ ጀርባ ያለውን እውነተኛ ተጠቃሚ ማስመዝገብን ያስገድዳሉ፤ እዚያ ላይ ሐሰት መሙላት የራሱ ቅጣት አለው። ሦስተኛ፣ በሕግ ባለቤቱ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው፤ ፍቺ፣ ሞት ወይም የእሱ ዕዳ ሲመጣ ድርጅቱ ከእጅዎ ይወጣል። አራተኛውና ዋናው ግን መደበቅ ራሱ ማስረጃ መሆኑ ነው። በስምዎ ቢሆን ኖሮ «አላሰብኩበትም» ማለት ይችሉ ነበር። በዘመድ ስም ሲሆን ማሰብዎ ተረጋግጧል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ለአሠሪው ራሱ የሚሸጥ ድርጅት ነው። የግዥ ሠራተኛ ሆኖ በእህት ስም ከተከፈተ ድርጅት ዕቃ ማስገዛት፣ ዋጋው ከገበያ በታች ቢሆን እንኳ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያስባርር፣ ብዙ ጊዜም በማታለል የሚያስከስስ ነው። «ድርጅቱን ጠቀምኩት እንጂ አልጎዳሁትም» የሚለው አያድንም።

ሦስት ነገሮች በአጭሩ። በሥራ ቪዛ ውጭ አገር ያለ ሰው ከአሠሪው በፊት የስደተኞች ሕግ ያሳስበው፤ በአሜሪካ ኤች 1 ቢ ቪዛ የያዘ ሰው ለአስመዘገበው አሠሪ ብቻ እንዲሠራ ነው የተፈቀደለት፤ አክሲዮን መያዝ አንድ ነገር ነው፣ በዚያ ድርጅት ውስጥ መሥራት ሌላ። ሁለተኛ፣ ሽያጭ ባይኖርም የተመዘገበ ድርጅት ብዙ ጊዜ የግብር ማስታወቂያ ይፈለግበታል፤ ደመወዝዎ ላይ አሠሪው ግብር መቁረጡ የድርጅቱን ግዴታ አይሸፍንም። ሦስተኛ፣ በሕመም ፈቃድ ላይ ሆኖ በራስ ድርጅት መሥራት ከሁሉ ፈጥኖ የሚያስባርረው ነው፤ አሠሪው የጥቅም ግጭት ማስረዳት እንኳ አያስፈልገውም።

ፈቃድ ሲጠይቁ

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የሚከተለው ይበቃል፦

«ከመደበኛ የሥራ ሰዓቴ ውጭ የማንቀሳቅሰው፣ የእንጨት መጫወቻ የሚያመርት ድርጅት በስሜ ለማስመዝገብ አስቤያለሁ። ድርጅቱ ከመሥሪያ ቤታችን የሥራ ዘርፍ ጋር አይወዳደርም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደንበኞችና አቅራቢዎች ጋርም አይሠራም። የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት፣ ዕቃና መረጃ አልጠቀምም። በሥራ ውሌ ላይ በተመለከተው መሠረት ለዚሁ በጽሑፍ ፈቃድ እንዲሰጠኝ፣ ድርጅቱ የሚያመነጨው ንድፍና ፈጠራም የግሌ መሆኑ እንዲረጋገጥልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሥራው ዓይነት ከተለወጠ አስቀድሜ አሳውቃለሁ።»

ስለ ፈጠራው የተጻፈችውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር እንዳይዘሏት። ፈቃድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ የፈጠራው ባለቤትነት ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አግኝቶ ሁለተኛው የተፈታ ይመስለዋል። መልሱን የሚፈርመው ደግሞ ሥልጣን ያለው ሰው ይሁን። የቅርብ አለቃ በቃል «ምን ችግር አለው፣ ቀጥል» ቢልዎ፣ እሱ ሲዛወር ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ቢያንስ በዚያው ቀን «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት» ብለው ኢሜይል ይላኩና ቅጂውን በሕጋዊ መንገድ ይያዙ። የሥራው ዓይነት ወደ አሠሪው ዘርፍ ሲጠጋ የቀድሞው ፈቃድ አያገለግልም፤ እንደገና ይጠይቁ።

አስመዝግበው ከቆዩ በኋላ ከሆነ ያነበቡት

መጀመሪያ እንቅስቃሴውን ያቁሙ፤ ድርጅቱን መዝጋት ላያስፈልግ ይችላል። ፋይል፣ ኢሜይል ወይም የመልእክት ልውውጥ አይሰርዙ፤ የተሰረዘ ነገር ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይገኛል፣ የተሰረዘበት ሰዓትም ይታወቃል። ወደ ኋላ ቀን የተጻፈ የሽያጭ ውል ሠርተው ለወንድምዎ አያዛውሩ፤ ያ የውል ጥሰትን ወደ ሰነድ ማጭበርበር ያሳድገዋል። ከዚያ በውልዎ ልክ ያሳውቁ ወይም ያስፈቅዱ፤ ዘርፉ ተወዳዳሪ ከሆነ ግን ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት።

ጊዜው በአሠሪውም ላይ እንደሚቆጥር ማወቅ ይጠቅማል። በጀርመን አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያቱን ካወቀ በኋላ ያለው 2 ሳምንት ነው፤ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 30 የሥራ ቀን። በጀርመኑ የንግድ ሕግ አንቀጽ 61 መሠረት በውድድሩ የተገኘውን ጥቅም የመጠየቅ መብት አሠሪው ካወቀ በ3 ወር ይወድቃል። ጊዜው መቁጠር የሚጀምረው ካወቀበት ቀን ስለሆነ፣ ማሳወቂያዎ የደረሰበት ቀን በጽሑፍ መታወቁ ለእርስዎ ይሠራል።

ለመልቀቅ ከወሰኑ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ጨርሱ፤ በኢትዮጵያ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሁንም ተቀጣሪ ነዎት፤ ደንበኛ ማናገር አሁንም ክልክል ነው። ከለቀቁ በኋላ ያለው ያለመወዳደር ውል የራሱ ሕግ አለው። በጀርመን በጽሑፍ ሆኖ፣ ከ2 ዓመት ሳይበልጥ፣ ቢያንስ የመጨረሻውን ክፍያ ግማሽ ካሳ ካላዘለ አያስገድድም። በካሊፎርኒያ በጥቂት በስተቀሮች ካልሆነ ዋጋ የለውም። «በአሜሪካ በጠቅላላ ታግዷል» የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2024 ያወጣውን እገዳ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ የቴክሳስ ፍርድ ቤት ሽሮታል፣ ኮሚሽኑም በ2025 ይግባኙን ትቷል፤ ጉዳዩ በየግዛቱ ሕግ ነው የሚታየው።

በመጨረሻው ቀን ላፕቶፑን፣ ስልኩንና መታወቂያውን በዝርዝር ጽፈው በፊርማ ያስረክቡ። የግል ፎቶ ወይም ሰነድ በላፕቶፑ ላይ ካለ በፍላሽ ራስዎ አይገልብጡ፤ የመረጃ ክፍሉ እንዲያወጣልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ፍላሹ የተሰካበት ሰዓት ይመዘገባል፤ የተገለበጠው የልጅ ፎቶ መሆኑን ማስረዳት ደግሞ የእርስዎ ሥራ ይሆናል።